የግቢው ናቸው

አፖንዲ ስድስተኛዋን ዶሮ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ፣ እግሯ ላይ የታሰረውን ቀይ እራፊ በምላጭ ትቆርጥ ነበር። እራፊው ጠብቋል። አምና ስታስረው ዶሮዋ ገና ቄብ ነበረች፤ እግሯ ሲወፍር እራፊው አብሮ አልሰፋም። አፖንዲ ምላጩን በጠፍጣፋው ከሥሩ አስገባች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳበችው። ተበጠሰ። ዶሮዋ አንዴ ጮኻ ዝም አለች።

«ስድስት» አለች አፖንዲ፣ ለራሷ።

በማንጎው ጥላ ሥር የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ሽማግሌው ሄዝሮን፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አጠገባቸው ሮዝቤላ ቆማለች። ሮዝቤላና አፖንዲ ጣውንቶች ናቸው፤ ሮዝቤላ የመጀመሪያዋ፣ አፖንዲ ሁለተኛዋ። ባላቸው ኦጎላ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። አፖንዲ ግን ዛሬም ታላቋን በስሟ አትጠራትም። «ሚካዪ» ነው የምትላት፤ የመጀመሪያ ሚስት በማዕረጓ እንደምትጠራው።

«ቀስ በይ የኡዮማ ልጅ፣ ጨርቁን እንጂ እግሯን ቁረጪ አላልንሽም» አለች ሮዝቤላ፣ በትውልድ አገሯ ስም እየጠራቻት።

«የያዝኩትን አውቃለሁ ሚካዪ። ይልቅ እርስዎ ፈረንጆችዎን ይቁጠሩ።»

«የኔዎቹን ምን ልቁጠር? ሁሉም ነጭ ለባሽ፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይመስላሉ።»

«መዘምራኑስ ደህና፤ ፓስተሩ ነው ያስቸገረን» አሉ ሄዝሮን። ፓስተር የሚባለው የሮዝቤላ አውራ ዶሮ ነው፤ ነጭ፣ ደረተ ሰፊ፣ ከሮጠ የሚያለከልክ። ሦስቱም ሳቁ።

ዶሮዎቹን የማዋሃዱ ሐሳብ የሮዝቤላ ነበር። አንድ ጠዋት የተጠበሰ ዓሣ በሳህን ይዛ አፖንዲ ደጃፍ ተቀመጠችና አንድ በአንድ አስረዳቻት። የአፖንዲ የዶሮ ቤት የጭቃ ነው፤ ሸለምጥማጥ በዚያ ወር ብቻ ሦስቴ ሰርስሮ ገብቷል። የሮዝቤላው ቆርቆሮ ነው፣ ቁልፍ አለው፤ ሞምባሳ የሚሠራው ልጇ ዊክሊፍ ነው ያሠራላት። ግን ደግሞ የሮዝቤላ የፈረንጅ ዶሮዎች እንቁላል ይጥላሉ እንጂ መታቀፍ አያውቁም፤ ጥለው ይሄዳሉ። የአፖንዲ የአገር ዶሮዎች አንዴ ከተቀመጡ አጥንታቸው እስኪወጣ አይነሱም።

«የኔ ቆርቆሮ፣ ያንቺ ሆድ» አለች ሮዝቤላ። «ሁለት መበለት ለሃያ ዶሮ ሁለት ቦታ በር ስንዘጋ አያሳፍርም?»

አፖንዲ ዓሣውን አጥንቱን እየለየች በላች። ከዚያ «አውራዎቹስ?» አለች።

የምትፈራው ለአንዱ ብቻ ነበር፤ ለገብስማው።

ገብስማው የወጣበትን እንቁላል ያስታቀፈችው ኦጎላ በታመመ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ኦጎላ ከአልጋው ወርዶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ስትደረድር ያይ ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ። «ከእነዚህ አንዱ አውራ ከሆነ የኦቡራ ነው። ከኦቡራ ጋር ይውጣ» አላት። ኦቡራ የአፖንዲ አንድ ልጇ ነው። ኦጎላ ሲሞት፣ እንደ ወጉ፣ የግቢው አውራ ዶሮ ታረደ፤ ያ አውራ ኦጎላ ይህን ግቢ ሲመሠርት ከአባቱ ዘንድ ይዞት የመጣው ዶሮ ዘር፣ የእንቁላሎቹም አባት ነበር። ከአሥራ አንዱ ስምንቱን ጭልፊትና ፈንግል ወሰዷቸው። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ብቻ ወንድ ሆነ፤ ክንፉ የበሰለ ገብስ የሚመስል፣ አንገቱ ቀላ ያለ፣ ሲጮህ መጨረሻው ላይ ድምፁ የሚሰነጠቅ።

ከአባቱ ግቢ የተወለደ አውራ ሳይዝ የራሱን ግቢ ሊያቆም የወጣ ሰው ቤት ሠራ ይባላል እንጂ ግቢ መሠረተ አይባልም። ግን ታናሽ ከታላቅ ቀድሞ አይወጣም። ታላቁ የሮዝቤላ ልጅ ዊክሊፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ «በመጪው ገና» ይላል። ስለዚህ ኦቡራ ሚስት አግብቶ፣ ሁለት ልጅ ወልዶ፣ እስካሁን በግቢው በር አጠገብ ባለችው የጎረምሳ ጎጆ ውስጥ ነው። አፖንዲም ትጠብቃለች። ከደጃፏ ሆና፣ ከቅንጭቡ አጥር ማዶ፣ ኦቡራ የሚወጣበት ቦታ ይታያታል። በሩ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ጭሱ ጠዋት ጠዋት ወደየት እንደሚነፍስ ታውቃለች። ስታረጅ ከዚያ ጭስ ሥር እሳት የሚያቀብላት ሰው ይኖራል።

«አውራሽን ማን ይነካዋል?» አለች ሮዝቤላ። «እንማማላ። ማናችንም ያለ ሌላዋ ቃል ከመንጋው አንሸጥም፣ አናርድም። ሄዝሮን ይስሙን።»

እናም ሄዝሮን ለመስማት መጡ። እራፊው የሚቆረጠውም ለዚህ ነው፤ ምልክት ያለው ዶሮ የአንዲት ሴት ቤት ዶሮ ነው።

ስምንተኛዋን ስትጨርስ አፖንዲ የቆረጠቻቸውን እራፊዎች ሰብስባ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተች። የአሮጌ ሻሿ ቁራጭም እዚያው ነበር። ክዳኑን ገጠመች። ገብስማው ቅርጫት ሥር ሆኖ በቀዳዳው ያያታል። እሱ እራፊ አስሮ አያውቅም፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሄዝሮን በርጩማቸውን ወደፊት ሳቡ። «እንግዲህ ጠያቂ እኔ ነኝ። እነዚህ ዶሮዎች ከዛሬ ጀምሮ የማን ናቸው?»

«የግቢው ናቸው» አለች ሮዝቤላ።

«አንቺስ፣ የኡዮማ ልጅ?»

«የግቢው ናቸው።»

«ሁሉም?»

ይህን ሲጠይቁ የሚያዩት በትራቸውን ነበር። አፖንዲ ልብ አለችው፤ ግን ሽማግሌ ሲጠይቅ ዓይን ዓይን አያይም ብላ ተወችው።

«ሁሉም» አለች።

ቅርጫቶቹን ተሸክሞ ወደ ቆርቆሮው ቤት ያደረሰላት ኦቡራ ነው። በመንገዱ አንድ ቃል አልተናገረም። ቅርጫቱ ከብዶት መስሏት ነበር።

ሮዝቤላ ማዋሃድ ታውቅበታለች። ሁለቱን አውራዎች በየቅርጫታቸው ጎን ለጎን አድርጋ ሦስት ቀን አቆየቻቸው፤ ይተያዩ፣ ግን አይነካኩ። ዶሮዎቹን ሲመሽ፣ ዓይናቸው ሲደክም፣ አንድ ቆጥ ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ በፊት ሁሉንም አመድ አሸቻቸው፤ ሽታቸው አንድ እንዲሆን። ጠዋት በሩ ሲከፈት ነጩና ገብሱ ተደባልቀው ወጡ። ሁለት ሦስቱ ተነካከሱና የበላይና የበታች ለይተው ወደ ጥሬው ሄዱ።

በዚያ መሃል ሮዝቤላ ለገብስማው ውሃ ልታስገባለት ቅርጫቱን ከፍ ስታደርግ እጇን ቦጫጨረው። ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ።

«ሰይጣን! ባሌ እንኳ እንዲህ አላደረገኝም!»

«እኔን ይጥሩኝ እንጂ ሚካዪ። ከኔና ከኦቡራ በቀር ማንንም አያስነካም። ጫጩት ሳለ ኦቡራ ምስጥ እየለቀመ አብልቶት ነው።»

«እንግዲያ ለኦቡራ ሚስት ይሁናት» አለች ሮዝቤላ ደሟን እየመጠጠች። አፖንዲ ሳቀች። በኋላ ያ ሳቅ ትዝ ሲላት ፊቷ ይግል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቅርጫቶቹ ተነሱ። ፓስተር አንገቱን ነፍቶ ቀረበ። ገብስማው አልቸኮለም። ክንፉን ወደ መሬት ዘርግቶ በጎን በጎኑ ዞረው፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ከዚያ ዘለለ። አቧራና ነጭ ላባ ሆነ። ፓስተር በክብደቱ ሁለቴ ጣለው፤ ገብስማው ሁለቴም ከሥሩ ተነሳ። በሦስተኛው ጉትዬውን ነክሶ ያዘውና አልለቅ አለ። ፓስተር እየጎተተው እስከ ማንጎው ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ አንገቱን ሰጠ። ገብስማው የውሃው ገንዳ ላይ ወጥቶ ጮኸ። መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ።

አፖንዲ ሮዝቤላ የምታዝን መስሏት ዞር ብላ አየቻት። ሮዝቤላ በሁለት እጇ ታጨበጭብ ነበር።

«ግቢው አባት አገኘ!» አለች። «ሄዝሮንም ይስሙ፣ ግቢው አባት አገኘ!»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ሳምንታት መልካም ነበሩ። አፖንዲ ለብዙ ዓመት ያላየችው መልካምነት። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ቆርቆሮው ቤት በር ላይ ይገናኛሉ፤ ሮዝቤላ ቁልፉን ትከፍታለች፣ አፖንዲ ጥሬ ትበትናለች። ሦስት የአፖንዲ ዶሮዎች የሮዝቤላን እንቁላሎች ታቀፉ። ሸለምጥማጡ መጥቶ ቆርቆሮውን ቧጭሮ ሄደ። አንድ ቀን ሮዝቤላ ገንፎዋን እያማሰለች «ቀድሞ እንዲህ ብንሆን ኖሮ ኦጎላ በሰላም ይሞት ነበር» አለቻት። አፖንዲ ቤቷ ገብታ ጥቂት አለቀሰች።

የወንድሟ ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ኡዮማ ሦስት ቀን ማደር ግድ ሆነ። አፖንዲ ዶሮዎቹን አስባ አመነታች።

«ሂጂ» አለቻት ሮዝቤላ። «የወንድምሽ ነው። ለዶሮ ብለሽ ልትቀሪ ነው? እኔ አለሁ አይደል?» እስከ ሚኒባሱ፣ እስከ ማታቱው መቆሚያ ድረስ ሸኘቻት፤ ዘንቢሏንም ተሸከመችላት።

እሑድ ከሰዓት አፖንዲ ስትመለስ ዘንቢሏ ውስጥ አራት የተጨሰ ዓሣ ነበር። ሁለቱ የሮዝቤላ ናቸው፤ ኮምጠጥ የሚለውን ትወዳለች። ከመንገዱ ወርዳ ወደ ግቢው ስትጠመዘዝ ዶሮ ሲጮህ ሰማች። ቆመች። ጩኸቱ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። የመጣው ግን ከግቢው አይደለም፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ነው። እንደገና እስኪጮህ ጠበቀች። እንደገና ከዳገቱ ነው።

ዳገቱ ላይ ሐሙስ ስትሄድ ያልነበረ አዲስ ጎጆ አለ። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው።

ሮዝቤላ ጥሬ ትበትን ነበር። ፓስተር በነጭና በገብስ ዶሮዎች መሃል ደረቱን ነፍቶ ይመላለሳል።

«ደህና ገባሽ የኡዮማ ልጅ? ሙት ዓመቱ እንዴት ሆነ? ሰው መጣ?»

«መጣ። ሚካዪ፣ ገብስማው የት ነው?»

ሮዝቤላ የቀረውን ጥሬ ከእጇ አራገፈች። «ዊክሊፍ መጣ» አለች። «ከነሚስቱ። ፈቃዱ አራት ቀን ናት። ሳይታሰብ ነው፤ እኔም አላወቅኩም። ትናንት ጎህ ሲቀድ ወጣ። ሄዝሮን አወጡት። እልል በይልኝ እንጂ! ስምንት ዓመት የጠበቅነው አይደል? አሁን መንገዱ ለልጅሽም ተከፈተ።»

«በምን አውራ ወጣ?»

«በግቢው አውራ።»

አፖንዲ ዘንቢሏን መሬት አላስቀመጠችም። «ፓስተር እዚህ አለ» አለች።

«ፓስተርን ሽማግሌው እምቢ አሉ። የተገዛ ነው፣ በዚህ ግቢ አባት የለውም አሉ። እኔ ምን ላድርግ? ከሌላ ሴት ቤት አውራ አላነሳም ብለው ስንት ጊዜ መልሰውኛል። የግቢው ከሆነ ግን የታላቅየው ልጅ ይቀድማል። ሕጉ ነው፤ እኔ አላወጣሁት።»

«ተማምለን ነበር።»

«ሸጥኩት? አረድኩት?» ሮዝቤላ ቃላቱን አስቀድማ የደረደረቻቸው ይመስል ነበር። «በሕይወት አለ፣ እየጮኸ ነው፣ ስሚው። የግቢው ናቸው ያልሽው አንቺ ነሽ። ሁሉም ወይ ብለው ሲጠይቁሽ ሁሉም አልሽ። አፍሽን የያዘው አልነበረም።»

አፖንዲ ሮዝቤላ የሸኘቻትን አሰበች፤ ዘንቢሏን የተሸከመላትን እጅ። ከዚያ ያንን እጅ አየችው።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለች።

ሮዝቤላ ደነገጠች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አፖንዲ «አንቺ» ስትላት የመጀመሪያዋ ነው። «ምን አልሽ?»

«እጆችሽን። አሳዪኝ።»

ለምን እንደሆነ ሳይገባት ሮዝቤላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ገለበጠቻቸውም። በአውራ ጣቷ ላይ የዚያን ጊዜው ጠባሳ ነጥቶ ይታያል። ሌላ ምንም የለም። አዲስ ጭረት የለም፣ የደረቀ ደም የለም።

«ማን ያዘው?» አለች አፖንዲ።

ሮዝቤላ እጆቿን ወደ ቀሚሷ መለሰች። መጀመሪያ ወደ መሬት አየች፤ ቀጥሎ፣ ሳታስበው፣ ወደ ግቢው በር፣ ወደ ጎረምሳው ጎጆ።

ኦቡራ ጎጆው ደጃፍ ላይ ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባ ነበር። እናቱ ስትመጣ አይቶ ተነሳ፤ ዘይት የነካው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እማ፣ ደህና ገባሽ?»

«አንተ ነህ የያዝከው?»

ኦቡራ ጨርቁን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ተቀመጪ እማ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«እኔ ነኝ» አለ። «ለነሱ አይያዝም። በጠራሁት ጊዜ መጣ።»

ከጎጆው ውስጥ ልጆቹ ሲስቁ ይሰማል። አፖንዲ ድምፃቸው ዝቅ እስኪል ጠበቀች።

«ያንተ ነው እኮ። አባትህ ግድግዳ ይዞ…»

«አውቃለሁ። መቶ ጊዜ ነግረሽኛል።» ፊቱን አዞረ። «እማ፣ እኔ እዚህ ግቢ አልሠራም። ዊክሊፍ ወደቡ ላይ ሥራ አገኘልኝ። ከልጆቹ ጋር ነው የምንሄደው። በወሩ መጨረሻ።»

«መቼ ነው ይሄ የታሰበው?»

«በፋሲካ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለሚካዪ። ለአጎቴም ነግሬያለሁ። አውራው ለኔ ካልሆነ ለዊክሊፍ ይሁን ተባለ። ከንቱ ከሚቀር። አጎቴ ግን ካንቺ ቤት አላነሳም አሉ። ሚካዪ ናት እንግዲህ፣ ዶሮዎቹ ይዋሃዱ ያለችው።»

አፖንዲ በጣቶቿ ቆጠረች። ፋሲካ። ከፋሲካ ሁለት ወር በኋላ የሮዝቤላ ዓሣ። ከዚያ በርጩማው፣ ምላጩ፣ ስምንቱ እራፊ። በትራቸውን የሚያዩት ሽማግሌ። ቅርጫቱን ተሸክሞ ቃል ያልወጣው ልጅ። ሁሉም ያውቁ ነበር። በዚያ ጥላ ሥር ዶሮዎቹ የማን እንደሚሆኑ ያላወቀችው እሷና ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

«እኔንስ ማን ነገረኝ?» አለች።

«እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው።»

«እምቢ ብል ኖሮ እምቢ አለች ትሉ ነበር። አሁን ምን ትላላችሁ? ራሷ የግቢው ናቸው አለች ትላላችሁ?»

ኦቡራ አጎንብሶ ፔዳሉን በእጁ አንድ ጊዜ አዞረው። ሰንሰለቱ ያለ ድምፅ ተሽከረከረ።

አፖንዲ ዘንቢሏን እንደያዘች ከግቢው ወጣች፤ ወደ ወንዙ ወረደች። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ከወዲህ ሆኖ ዳገቱ ሁሉ ይታያል። ገብስማው አዲሱ ጎጆ አጠገብ፣ የተረፈ የሣር ክምር ላይ ቆሞ ነበር። ብቻውን ነው፤ ዶሮ ገና አላመጡለትም። አያት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአንድ ዓይኑ አያት።

ምላሷን ላንቃዋ ላይ አጣብቃ ሦስት ጊዜ ብታጮህ ይመጣል። ጫጩት ሳለ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ነው የምትጠራው። ውሃውን በሁለት ዝላይ ያልፈዋል። ከመጣ ደግሞ የዊክሊፍ ግቢ ፈረሰ ማለት ነው፤ አውራው ትቶት የሄደ ግቢ ውስጥ ሚስት አትወልድም፣ ሽማግሌም አይበላም። ሄዝሮን እንደገና ማውጣት አይችሉም፤ አንድ ሰው ሁለቴ አይወጣም። ሮዝቤላ ስምንት ዓመት የጠበቀችው በአንድ የምላስ ድምፅ ያልቃል።

የዊክሊፍ ሚስት ባልዲ ይዛ ከጎጆው ወጣች። አፖንዲን ስታይ በትሕትና እጅ ነሳች። ወጣት ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ምንም የምታውቅ አትመስልም።

አፖንዲ ምላሷን ጥርሷ መሃል ያዘች። እጅ ነሳቻትና ተመለሰች።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የጭቃውን የዶሮ ቤት ጠረገች። ሸለምጥማጡ የሰረሰረውን በድንጋይና በጭቃ ደፈነች፣ አመድ በተነች፣ ቆጡን አጠበቀች፣ በሩን ክፍት አድርጋ ተወችው። ከዚያ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮዋን ይዛ ወደ ሄዝሮን ሄደች።

«ይምጡልኝ» አለቻቸው። «በርጩማዎንም ይያዙ።»

ሽማግሌው ያለ ክርክር መጡ። ማንጎው ሥር፣ እንደዚያን ቀኑ፣ ተቀመጡ። ሮዝቤላ ቁልፉን በእጇ ይዛ ቆርቆሮው ቤት በር ላይ ቆማለች፤ ዶሮዎቹ ሊገቡ ሰዓታቸው ነው። አፖንዲ ከአሮጌው ሻሿ ስምንት ቁራጭ ቀደደችና ጉልበቷ ላይ ደረደረቻቸው። የመጀመሪያዋን ዶሮ ያዘች።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?» አሉ ሄዝሮን።

«ይጠይቁኝ።»

«ምኑን?»

«የዚያን ቀን የጠየቁኝን።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በትራቸውን ሊያዩ ጀመሩና ተዉት። «እነዚህ ዶሮዎች… የማን ናቸው?»

«የአፖንዲ ናቸው» አለች። ቋጠረች። «ይቺ የአፖንዲ ናት።» ለቀቀቻት። ሁለተኛዋን ያዘች። «ይቺም የአፖንዲ ናት።»

«አውራው በእራፊ አይመለስም የኡዮማ ልጅ» አሉ ሄዝሮን ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። እሱ እራፊ ኖሮትም አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅምሻል?» አለች ሮዝቤላ ከወዲያ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ጫጩቶቹስ? እንቁላሎቹስ? ምኑን ከምኑ ትለዪዋለሽ?»

አፖንዲ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን አሰረች። ቋጠሮውን አላጠበቀችውም፤ አንድ ጣት የሚያስገባ ቦታ ተወች፤ እግር ይወፍራል። የለቀቀቻቸው ዶሮዎች ላባቸውን አራገፉ፣ ግራና ቀኝ አዩ፣ ከዚያ ቀይ እራፊያቸውን እየጎተቱ በሮዝቤላ እግር ሥር አልፈው ወደ ቆርቆሮው ቤት ገቡ። የተከፈተውን የጭቃ ቤት በር ያየ አልነበረም። ሰባት ሳምንት በቂያቸው ነበር።

አምስተኛዋም ገባች፤ ስድስተኛዋም።

ሮዝቤላ ከበሩ ዞር አለችላቸው።

ስምንተኛዋ ያቺ እግሯ የወፈረው ነበረች። የድሮው እራፊ የነበረበት ቦታ ላይ ቆዳው የነጣበት ቀለበት አለ። አፖንዲ አዲሱን እዚያው ላይ አሰረችው። ሁለቴ ቋጠረች፤ የተረፈውን ጫፍ በምላጭ አስተካክላ ቆረጠች። ዶሮዋን መሬት አስቀመጠቻት። ሄደች፣ ገባች።

«ጨረስሽ?» አለች ሮዝቤላ ቁልፉን እያነሳች።

«ጨርሻለሁ።»

አፖንዲ ምላጩን በቀረው የሻሽ ቁራጭ ጠቀለለችው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው። ክዳኑ እስኪገጥም በመዳፏ ተጫነችውና ከጎኗ መሬት ላይ አስቀመጠችው።